ሰም የሌለው ወንዝ

ቅኔ ለለመደ አንባቢ አሜሪካዊቷ ናታሊ ዲያዝ ፈታኝ ገጣሚ ናት። እኛ ግጥም ስናይ እጃችን ወዲያው ወደ መቆፈሪያው ይሄዳል። ሰሙ ይሄ፣ ወርቁ ያ፣ ኅብረ ቃሉ እዚህ ጋ። እሷ ግን ወንዝ በውስጧ ተሸክማ እንደምትዞር ትነግረንና ገና መዶሻችንን ሳናነሳ ይሄ ዘይቤ አይደለም ብላ ታስቆመናለች። ሰም የለም። ወንዝ ስትል ወንዝ ማለቷ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው አላመንኳትም። ገጣሚ ምን ያላለው አለ ብዬ አለፍኩት። ቆይቼ ለራሴ ወደ አማርኛ ልመልሰው ስቀመጥ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ወይም ቢያንስ ያልገባኝ ምን እንደሆነ የገባኝ።

የዲያዝ ወገን የሆነው፣ የኮሎራዶ ወንዝ ዳር የሚኖረው ነባሩ የሞሃቪ ሕዝብ ራሱን አሃ ማካቭ ብሎ ነው የሚጠራው። በግርድፉ ሲፈታ «ወንዙ በምድራችን መሃል እንደሚያልፍ በሰውነታችንም መሃል ያልፋል» እንደማለት ነው። ዲያዝ ይህን ፍቺ ከሰጠች በኋላ ራሷ ደካማ ትርጉም ነው ትላለች፣ ትርጉም ሁሉ እንደዚያው ነው ብላ። «አሃ» ውሃ ነው። (ከኛ «ውሃ» ጋር መመሳሰሉ ያስደስታል፣ ግን ዝምድና የላቸውም፣ እንዳትደክሙ።) ሰውነት «ኢማት» ይባላል። ምድር ደግሞ «አማት»። እዚህ ጋ አማርኛ ተናጋሪ ሳይስቅ አያልፍም። ዋናው ነገር ግን በወሬ መሃል ሁለቱም ቃላት ማጠራቸው ነው። «ማት» ብቻ ይሆናሉ። እና ወሬውን ከመጀመሪያው ያልሰማ ሰው ተናጋሪዋ ስለ ገላዋ ይሁን ስለ መሬቷ እንደምታወራ ላያውቅ ይችላል።

በኛ ቅኔ አንድ ቃል ሁለት ፊት የሚኖረው ባለቅኔው ስለተጠበበበት ነው። ሌሊቱን ሲያምጥ አድሮ ነው። እዚህ ግን ማንም አልተጠበበም። ቋንቋው በቃ እንደዚያ ነው፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያወራም እንደዚያ ነው።

ስለ ዲያዝ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከሽልማት ይጀምራል። ሽልማቱ ትልቅ ስለሆነ ልክ ነው፣ እኔም ቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። በ2018 የማክአርተር ሽልማትን አገኘች፣ ሰዎች «የሊቆች ሽልማት» የሚሉትን፣ በአምስት ዓመት የሚከፈል 625 ሺህ ዶላር። በ2020 የወጣው ሁለተኛ የግጥም መጽሐፏ፣ «ፖስትኮሎኒያል ላቭ ፖየም»፣ በ2021 የፑሊትዘርን የግጥም ሽልማት ወሰደ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ገጣሚያን አካዳሚ ቻንስለር ሆና ተመረጠች። አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናት። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

አለቀ። እኔ ግን ዋናው ሥራዋ ከዚህ ዝርዝር ውጪ ያለው ይመስለኛል። እሱን ሳናይ መጽሐፎቿን ብናነብ ቆንጆ ቆንጆ ዘይቤ እየለቀምን ነው የምንመለሰው።

ዲያዝ በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒድልስ የምትባል ከተማ ተወለደች፣ ያደገችውም እዚያው ፎርት ሞሃቪ የሕንዶች (ማለትም የነባር አሜሪካውያን) መንደር ነው። ኒድልስ የበረሃ ከተማ ናት፣ በበጋ ሙቀቷ ዜና የሚሠራባት። የፎርት ሞሃቪ ክልል፣ ማለትም መንግሥት ለሕዝቡ ብሎ የከለለው መሬት፣ የኮሎራዶን ወንዝ ተከትሎ በሦስት ግዛቶች ላይ ተዘርግቷል፤ ካሊፎርኒያ፣ አሪዞናና ኔቫዳ። በትውልድ ሞሃቪም አኪሜል ኦኦድሃምም ናት፣ የላቲኖ ደምም አላት። በሕግ የተመዘገበችው በጊላ ሪቨር የሕንዶች ማኅበረሰብ አባልነት ነው። አኪሜል ኦኦድሃም የሚለውም ስም «የወንዝ ሰዎች» ማለት ነው። የእነሱ ወንዝ ጊላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ከላይ የሰፈሩ ገበሬዎች ጠልፈው ወደ እርሻቸው ስላዞሩት ደርቆ ሕዝቡን ለረሃብ ዳርጎታል። ማለቴ፣ ሴትየዋ በሁለት በኩል በወንዝ ስም የሚጠራ ሕዝብ ልጅ ናት፣ አንዱ ወንዝ ደርቋል፣ ሌላው እየደረቀ ነው።

ከመንደሯ ያወጣት ግጥም አይደለም፣ ቅርጫት ኳስ ነው። በስፖርት ስኮላርሺፕ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲ ገባች። የምትጫወተው ፖይንት ጋርድ ሆና ነው፣ ኳስ የምታከፋፍልና ጨዋታውን የምታነብ። ገና በመጀመሪያ ዓመቷ፣ በ1997፣ ቡድኗ ለብሔራዊ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰና በቴነሲ 68 ለ 59 ተሸነፈ። ከተመረቀች በኋላ በአውሮፓና በእስያ በደመወዝ ተጫወተች። ከዚያ ወደ ኦልድ ዶሚኒየን ተመልሳ በሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች።

ኳሱን እንደ ማሟሻ ታሪክ ብቻ የሚያወሩት ሰዎች ይሳሳታሉ። ግጥሞቿ ውስጥ ሰውነት ሁሌም ሲንቀሳቀስ ነው የሚታየው። ዳሌ፣ ጉልበት፣ እጅ፣ ትንፋሽ። ሕንዶች ቅርጫት ኳስ ለምን እንደሚችሉ አሥር ምክንያት የምትደረድርበት ግጥም አላት፣ እያሳቀ ይጀምራል፣ ስትጨርሱት ሳቁ የት እንደሄደ አታውቁም።

ለኔ ትልቁ ውሳኔዋ ቀጥሎ የመጣው ነው። ዲግሪ ይዛ፣ የመጀመሪያ መጽሐፏን እየጻፈች፣ ወደ ትልቅ ከተማ አልሄደችም። ወደ ፎርት ሞሃቪ ተመልሳ የቋንቋ ማዳን ፕሮግራሙን መምራት ጀመረች። ሞሃቪን አፍ የፈቱበት ሰዎች በዚያን ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ ሁሉም ሽማግሌዎች። ሥራው ምን እንደሚመስል ለመገመት አይከብድም። መቅረጫ ይዞ ሽማግሌ ቤት መሄድ። ቃል መጠየቅ። ቃሉን በትክክል እስኪሉት መደጋገም። ሽማግሌው ከደከሙ ነገ መምጣት። ነገ ግን ዋስትና የለውም፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ሲሞት አንድ ዘመድ ብቻ ሳይሆን ሌላ ማንም የማያውቃቸው ብዙ ቃላት አብረው ይቀበራሉ።

«አስተማሪ» የሚለውን ቃል እሷ ላይ ስናደርገው ይሄን መርሳት የለብንም። መጀመሪያ ተማሪ ናት፣ ያውም የኔታ እግር ሥር ቁጭ እንደሚል ልጅ በጆሮዋ የምትማር። በልጅነቷ ቤት ውስጥ የሰማችው እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽና ቁርጥራጭ ሞሃቪ ነው። ቋንቋውን ያጠናችው አዋቂ ሆና፣ ሌሎችን ለማስተማር ስትል ነው። ሞሃቪዎች የወፍ መዝሙር የሚሉት አላቸው፣ ቅል እየነቀነቁ ሌሊቱን የሚዘልቁት፣ ሕዝቡ በየት በየት እንዳለፈ ቦታ በቦታ የሚቆጥር ረጅም ዜማ። ከእነዚህ መዝሙሮች የመጨረሻ አዋቂዎች ጋርም ሠርታለች። ይህን ዜማ ከመጽሐፍ አትማረውም፣ ከሰው ነው የምትወስደው።

ቋንቋው ለምን እዚህ ደረጃ ደረሰ? ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ፎርት ሞሃቪ የሚለው ስም ራሱ መልሱን ይዟል። ፎርት ማለት ምሽግ ነው። የአሜሪካ ጦር በ1859 ወንዙ ዳር የሠራው ምሽግ ነው። በ1890 ወታደሮቹ ወጡና ምሽጉ የሕንድ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆነ፣ አርባ ዓመት ያህልም ቆየ። ልጆቹ ከቤታቸው ተወስደው የእንግሊዝኛ ስም ይሰጣቸዋል፣ ፀጉራቸው ይቆረጣል፣ በእናታቸው ቋንቋ ሲያወራ የተገኘ ይቀጣል። ወታደር የኖረበት ክፍል ውስጥ ነው የሚማሩት። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የአንድ ክፉ ርእሰ መምህር ነው ሊባል ይችል ነበር። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2024 ባወጣው ሪፖርት ግን መንግሥት ከ1819 እስከ 1969 ባለው ጊዜ 417 ትምህርት ቤቶችን በ37 ግዛቶች አስተዳድሯል ወይም ደግፏል፣ ቢያንስ 973 ልጆችም እዚያ እያሉ ሞተዋል። ፕሬዚዳንት ባይደን በጥቅምት 2024 መጨረሻ ለዚህ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። የጠየቁበትን ቦታ ልብ በሉ፣ አሪዞና፣ ጊላ ሪቨር ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ማለትም ዲያዝ አባል በሆነችበት ማኅበረሰብ መሬት ላይ።

ወደ መጽሐፎቹ ልመለስ። የመጀመሪያው፣ «ዌን ማይ ብራዘር ዋዝ አን አዝቴክ»፣ በ2012 ወጣ። መሃሉ ላይ ያለው ወንድም ነው፣ ሜት በሚባለው አደገኛ ዕፅ የተያዘ፣ ቤቱን ሁሉ ይዞ የሚወርድ። ከባድ መጽሐፍ ነው። ሱሰኛ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ሲያነበው የሚያውቃቸውን ነገሮች ያገኛል፤ የሚጠፋ ዕቃ፣ እናትና አባት እያወቁ በር መክፈታቸው፣ ፍቅርና ፍርሃት አንድ ማዕድ ላይ መቀመጣቸው። ወንድምዬውን አንዴ አምላክ አንዴ አውሬ እያደረገች ታመጣዋለች። እኔ በግሌ አንዳንዱ ግጥም ተረትና አፈ ታሪክ በዝቶበት ይከብደኛል። ቀጥታ ብትናገረው ይሻል ነበር እንዳልል ደግሞ ለዜና ነበር የሚሆነው፣ እሷንም ያዳናት ያ መሸፋፈኛ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ለሴት የተጻፉ የፍቅር ግጥሞች ናቸው፣ እሷም ይህን ሸፍናው አታውቅም። ከገጣሚዋ ኤይዳ ሊሞን ጋር በግጥም የተጻጻፈቻቸው ደብዳቤዎችም አሉበት፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ላይ። ፍቅሩ የሚካሄደው ግን በተወረረ መሬት ላይ ነው። አንዱ ግጥም የአሜሪካ ሂሳብ ይላል ርእሱ። በግጥሙ ሂሳብ ነባር አሜሪካውያን ከሕዝቡ አንድ ከመቶ አይሞሉም፣ ፖሊስ ከሕዝብ ብዛታቸው አንጻር ከማንም በላይ የሚገድለው ግን እነሱን ነው። ይህን ቁጥር ይዛ ትቆጥራለች፣ ትቀንሳለች፣ ታካፍላለች። ቁጥሩ ውስጥ አንድ ሰው መሆን ምን ማለት እንደሆነ እስኪሰማችሁ ድረስ። ሂሳብ ለሚጠሉ ሰዎች የተጻፈ ምርጥ የሂሳብ ትምህርት ነው።

የወንዙ ግጥም ያለው እዚህ ውስጥ ነው፣ «ዘ ፈርስት ዋተር ኢዝ ዘ ቦዲ»። ግማሹ ግጥም ግማሹ ድርሰት ይመስላል። ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ።

አንደኛው ቀይ ቀለም ነው። «ኮሎራዶ» ስፓኒሾች ያወጡት ስም ነው፣ ወንዙ በደለል ቀልቶ ይፈስ ስለነበር። ሕዝቡንም «ቀይ» አሉት። እኛም ከፊልምና ከመማሪያ መጽሐፍ ይዘን «ቀይ ሕንዶች» ስንል ነው ያደግነው፣ ያውም «ቀይ» የሚለውን ቃል በሰው መልክ ላይ በሌላ ትርጉም በየቀኑ እየተጠቀምንበት። ዲያዝ ምን ትላለች? በሕይወቴ ቀይ ሕንድ አይቼ አላውቅም፤ ሰፈሬም፣ ሙዚየሙም፣ ትልቁ በዓል ላይም የለም። ያየኋቸው ቀይ ሰዎች ወንዙ ላይ ሲዝናኑ ውለው ፀሐይ የጠበሳቸው ነጭ ቱሪስቶች ብቻ ናቸው። ወንዙም ቢሆን አሁን ቀይ አይደለም። ሁቨር ግድብ በ1930ዎቹ ከተሠራና ሌሎቹ ከተከተሉት በኋላ ደለሉ ግድቡ ጀርባ እየቀረ ከታች የሚወርደው ውሃ ጠርቶ ሰማያዊ ሆኗል። ቀዩ ወንዝ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

ሁለተኛው ነገር እንዲያውም ይብሳል። ግጥሙ መሃል ላይ ቆም ብላ እስካሁን በእያንዳንዱ አንጓ ውስጥ «ወንዝ» የሚለውን ቃል ተናግሬያለሁ፣ ውሃ ማባከን አልፈልግም ትላለች። ቃሉን መቆጠብ ትጀምራለች። አንባቢ እዚህ ጋ ፈገግ ይላል፣ ግን ሞሃቪ እንደሚያስበው ካሰብነው ቀልድ አይደለም። ቃሉና ውሃው አንድ ከሆኑ ቃሉን ማባከን ውሃ መድፋት ነው። ቋንቋ ሲያልቅ አይታ የመጣች ሰው ናት ይሄን የምትለው። የወንዙን መድረቅ ለመረዳት የቋንቋውን መድረቅ መጀመሪያ ኖራበታለች፣ ለዚህም ነው የቋንቋ ክፍሉንና ግጥሙን ለያይቼ ማየት የማልችለው።

አሁን ከግጥም እንውጣና ወንዙ ጋ እንሂድ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ትኩስ ነው።

ኮሎራዶ ወደ 2,300 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሰባት የአሜሪካ ግዛቶችና ሜክሲኮ ይጠጡታል፣ ወደ 40 ሚሊዮን ሰው ማለት ነው፣ ከሎስ አንጀለስ እስከ ፊኒክስና ላስ ቬጋስ። ክፍፍሉ የተጻፈው በ1922 ነው። ስምምነቱ የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ግዛቶች በየዓመቱ 7.5 ሚሊዮን ኤከር ፊት ለየራሳቸው እንዲወስዱ ይላል፣ እያንዳንዱ ድርሻ ወደ 9 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር መሆኑ ነው። በኋላ በ1944 በተፈረመ ውል ለሜክሲኮ ሌላ 1.5 ሚሊዮን ተጨመረ። ችግሩ የ1922ቱ ሂሳብ የተሠራው ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ልኬት መሆኑ ነው። ወንዙ የሌለውን ውሃ አከፋፈሉት። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ድርቅ ሰፈረበት። ሁቨር ግድብ የሚያቁረው ሚድ ሐይቅ በሐምሌ 2022 ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር ውሃ የያዘው፣ በ1930ዎቹ መሞላት ከጀመረ ወዲህ እንደዚያ ወርዶ አያውቅም። ወንዙ ከብዙ አሥርት ዓመታት ወዲህ ባሕር ድረስ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ድርቁን ለመቋቋም በ2007 የወጣው መመሪያ ደግሞ በ2026 መጨረሻ ጊዜው ያልቃል፣ እሱን የሚተካ ነገር ላይ የላይኞቹና የታችኞቹ ግዛቶች ዓመታት ተጨቃጭቀዋል።

በ1922 ጠረጴዛው ላይ ነባር ሕዝቦች አልነበሩም። ማንም አልጠራቸውም። እንዲያውም ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ዜጋ አልነበሩም፣ ዜግነት በሕግ ለሁሉም የተሰጠው በ1924 ነው። ስምምነቱ ስለእነሱ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ውል አሜሪካ ለሕንድ ጎሳዎች ያለባትን ግዴታ አይነካም የሚል። ግዴታው ምን እንደሆነ አይናገርም።

እዚህ ጋ ነገሩን አጋንኖ «ሁሉን ነጠቋቸው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፣ ግን ሙሉ እውነቱ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 ለአንድ ሕዝብ መሬት ሲከለል ለዚያ መሬት የሚያስፈልገው ውሃም አብሮ ተይዞለታል ብሎ ወስኗል። በ1963 ደግሞ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ ክርክር ላይ ፎርት ሞሃቪን ጨምሮ ለአምስት የታችኛው ወንዝ ማኅበረሰቦች ድርሻቸው በቁጥር ታውቋል። መብቱ የሚቆጠረው ክልሉ ከተከለለበት ዘመን ስለሆነ ከብዙ ከተሞች ይቀድማል። በተፋሰሱ ውስጥ ያሉት 30 ጎሳዎች ተደምረው በወረቀት ከወንዙ ሩብ ያህሉን ውሃ ይዘዋል። በወረቀት ነው ያልኩት። ወረቀቱን ወደ ቧንቧ መለወጥ ገንዘብም ክርክርም ይፈልጋል፣ ድርሻው በቁጥር ያልታወቀለት ደግሞ ገና ወረፋ ላይ ነው። ናቫሆ የሚባሉትን ነባር ሕዝቦች ተመልከቱ፣ ሲሶ ያህሉ ቤት ቧንቧ የለውም። በሰኔ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ 4 ድምፅ መንግሥት ውሃ የሚያገኙበትን መንገድ የማፈላለግ ግዴታ የለበትም አላቸው።

የዲያዝ ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ድርሻችን ይጨመር አይደለም የምትለው። ሕጉ ወንዙን የሚለካው በኤከር ፊት ነው፣ ማለትም አንድ ኤከር መሬት አንድ ጫማ ከፍታ ድረስ የሚሸፍን ውሃ። በዚህ ቋንቋ ወንዝ ንብረት ነው፣ ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ይከፈላል። «ማት» የሚለውን ቃል በሚናገር ሰው አፍ ግን ሰውነትን መከፋፈል ምን ማለት ነው? ሙግቱ ስለ መጠን ሳይሆን ስለ ሰዋስው ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ነው ግጥሙ ውስጥ ሌላ አገር የምትጠቅሰው። ኒውዚላንድ ውስጥ የዋንጋኑይ ወንዝ በ2017 በሕግ ሰውነት አግኝቷል። በእስያዋ ሕንድም አንድ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ለጋንጅስና ለያሙና ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል። አሜሪካ ግን ስታንዲንግ ሮክ በሚባለው በሰሜን ዳኮታ የነባር ሕዝቦች ክልል ውሃችን አይበከል ብለው የቆሙትን ሰዎች በአስለቃሽ ጭስና በጎማ ጥይት መለሰች፣ በሚሺጋኗ ፍሊንት ከተማም ልጆች እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ውሃ ጠጡ። ግጥሙ የማይነግራችሁን አንድ ነገር እኔ ልጨምር፦ የሕንዱ ውሳኔ ብዙ አልቆየም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ አገደው። ኮሎራዶ ራሱም በ2017 ዴንቨር ፍርድ ቤት «ከሳሽ» ሆኖ ቀርቦ ነበር። የአካባቢ ተሟጋቾች በስሙ ሰው ይባል ብለው ከሰሱ፣ የኮሎራዶ ግዛት ጠበቃቸውን ቅጣት ይጣልበት ብሎ ሲያስፈራራ በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን አነሱት። ግጥም የሚያሸንፍበት ቦታ ሁሉ ፍርድ ቤት አያሸንፍም።

እዚህ ላይ ነው ከአድናቂዎቿ ትንሽ የምለየው። ዲያዝን «የወንዙ ድምፅ» እያሉ መሸለም ለአሜሪካ የባህል ተቋማት ርካሽ ነው። ሽልማት መስጠት ይቀላል፣ ውሃ መስጠት ይከብዳል። እሷም ይህ የጠፋት አይመስለኝም፣ መጽሐፉ ውስጥ የአሜሪካ የውሃ ሙዚየም የሚል ረጅም ግጥም አለ፣ ውሃ ካለቀ በኋላ ሰው ቲኬት ቆርጦ ታሪኩን የሚያይበት ዓይነት ሙዚየም፣ ቁጥራቸው በቅደም ተከተል ያልሆነ ዕቃዎች የተደረደሩበት። አገሬው የሚወደው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያጠፋዋል፣ ከዚያ መስታወት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ገጣሚዋ ራሷ አንዷ የሙዚየሙ ዕቃ ልትሆን ትችላለች፣ ይህን ፍርሃት ከመስመሮቹ ሥር አነባለሁ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መስበክ ይቃጣታል። ቁጥሩና ቁጣው ሲበዛ ዜማው ይደክማል። ለኔ የምትበልጠው ዝም ስትል ነው፣ ያቺ «ወንዝ» የሚለውን ቃል መቆጠብ የጀመረችበት ቦታ ከሙሉው ክርክር ትበልጥብኛለች።

በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከግጥም ክፍሏ ጎን የድንበር አካባቢ ምናብ ማዕከል የሚባል አቋቁማ ትመራለች። ድንበር የሚለው ቃል አሪዞና ውስጥ አጥርና ጠባቂ ያስታውሳል፣ እሷ ግን ገጣሚን፣ ሠዓሊን፣ ሳይንቲስትን አንድ ላይ የምትጠራበት ቦታ አድርጋዋለች። ቀደም ሲልም ሳንታ ፌ በሚገኘው የአሜሪካ ሕንዶች ጥበባት ተቋም አስተምራለች፣ ለነባር ሕዝቦች ወጣት ጸሐፊዎች። ወንድሙን፣ ሰፈሩን፣ የአያቱን ቋንቋ መጻፍ ለሚፈራ ልጅ እሷን ፊቱ ቆማ ማየት ራሱ ግማሽ ትምህርት ይመስለኛል።

ከፎርት ሞሃቪ ወደ ሰሜን ምዕራብ ኔቫዳ ውስጥ አንድ ተራራ አለ። ሞሃቪዎች ፍጥረታችን ከዚያ ነው የሚሉት፣ የወፍ መዝሙሮቹም ጉዟቸውን ከእሱ የሚጀምሩት። ስሙ አቪ ክዋ አሜ ነው። በእንግሊዝኛ «ስፒሪት ማውንቴን» ይሉታል። የፎርት ሞሃቪ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ለዓመታት ሲሟገቱ ቆይተው በመጋቢት 2023 ተራራውና ከ500 ሺህ ኤከር በላይ በረሃ ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ተከለለ። የተከለለው በእንግሊዝኛው ስም አይደለም፣ አቪ ክዋ አሜ ተብሎ ነው። አሁን የፌዴራሉ ካርታም ክልሉን እንደዚያ ነው የሚለው። እዚያ የሚሄድ ቱሪስት መንገድ ለመጠየቅ ሲል ሦስት የሞሃቪ ቃላት አፉ ውስጥ ማገላበጥ አለበት፣ ምናልባት እያበላሸ።

የኔ ትርጉም? አላለቀም። «ሰውነት» ብል መሬቱ ይቀራል፣ «ምድር» ብል ገላው ይቀራል። «ዐፈር» የሚለውን ሞከርኩት፣ ሰው ዐፈር ነው ስለምንል። ግን ያ የቀብር ቃል ነው፣ እሷ ደግሞ የምታወራው ስለሚፈስ ነገር ነው። ለጊዜው «ማት» ብዬ እንዳለ ትቼዋለሁ።